እንጦጦ፦ ዝናብ ለሁለት የሚከፈልበት ጋራ

ሐምሌ ላይ እንጦጦ አናት ወጥቶ ዝናብ የያዘው ሰው ከጃንጥላው ስር ሆኖ ሊያስበው የሚገባ ነገር አለ። ከጫፉ ወደ ደቡብ ያዘነበለችው ጠብታ በቀበና ወይም በሌላ የአዲስ አበባ ወንዝ አድርጋ አቃቂ ትገባለች፤ ከአቃቂም አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማያይ ወንዝ ነው፤ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ወሰን ላይ አቤ ሐይቅ ሲደርስ ያልቃል። ጥቂት እርምጃ ወደ ሰሜን አልፋ ያረፈችው ጠብታ ግን ወደ ሱሉልታ ሜዳ ትወርዳለች፣ ከሙገር ወንዝ ጋር ዓባይን ትቀላቀላለች፣ ሱዳንና ግብፅን አልፋም ሜዲትራኒያን ትደርሳለች። ከአንድ ደመና ወጥተው፣ አንድ ጋራ ላይ ወድቀው፣ ዳግመኛ አይገናኙም።

እንጦጦን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በጠበሉ፣ በምኒልክ ታሪክ ወይም በቅርብ ዓመታት በተሠራው ፓርክ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የከተማዋ ጣሪያ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ጣሪያ ሲቀደድ የሚረጥበው ቤት ውስጥ ያለው ሰው ነው። እንጦጦ ላይ የተቆረጠ፣ የተተከለ፣ የታጠረ ነገር ሁሉ ውሎ አድሮ ታች ከተማው ውስጥ ይታያል። ስለዚህ «ጋራው ላይ ማን ይግባ፣ ምን ያድርግ?» የሚለውን ጥያቄ ከበሩ ላይ ብንጀምረው አይፈታም። ከድንጋዩና ከውሃው ነው መጀመር ያለበት።

ድንጋዩና አየሩ

እንጦጦ እሳተ ገሞራ የሠራው ነው፤ አለቱ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ግን እሳተ ገሞራ ሁሉ ጋራ አይሠራም። ባዛልት የሚባለውን አለት የሚሠራው ቅላጭ (የቀለጠ ድንጋይ) ቀጭን ስለሆነ እንደ ውሃ ርቆ ይፈስሳል፣ ሜዳም ያለብሳል። ትራካይትና ሪዮላይት የሚባሉትን አለቶች የሚሠራው ቅላጭ ግን እንደ ወፍራም ገንፎ ነው፤ ከወጣበት ብዙ ሳይርቅ ይረጋል፣ ይከመራል። እንጦጦ የተከመረው እንዲህ ነው። ኋላም ምድሪቱ ስትሰነጠቅ ከተማዋ የተቀመጠችበት የደቡቡ ወገን ዝቅ አለ፣ ጋራው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንደ ግድግዳ ተዘርግቶ ቀረ። ስንጥቆቹ ዛሬም ሥራ አልፈቱም። በእነሱ በኩል ወደ ጥልቅ የሰረገ የዝናብ ውሃ ከምድር ሙቀት ጋር ተገናኝቶ ይመለሳል፤ ፍል ውሃ የምንለው እሱ ነው።

ከፍታውን በቁጥር እናስቀምጠው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። የእንጦጦ ከፍተኛው ቦታ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ ቦሌ በሸሚዝ የነበረ ሰው እንጦጦ ላይ ጋቢ ቢያምረው አይደንቅም። ከተማው ፀሐይ ሲሞቅ ጋራው ጭጋግ ሊለብስ ይችላል፤ በጥቅምትና በኅዳር ንጋት ላይ ውርጭ አለ።

ሯጮቻችን ከጨለማ ጀምሮ እዚያ የሚገኙትም በዚሁ ከፍታ ምክንያት ነው። 3,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 30 በመቶ ያህል ያንሳል። ሰውነት ያንን ለማካካስ ኩላሊቱ ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፣ መቅኔ ደግሞ ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ ይሠራል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ጨምሮ የስንት ሻምፒዮን ላብ ፈስሶበታል ይህ ጋራ። ለእኛ ለተራዎቹ ግን ያው ቀጭን አየር ሌላ መልእክት አለው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው፣ በተለይ ልብ ወይም ሳንባ የሚያመው፣ ቀስ ብሎ ይራመድ።

ከተማ ሽቅብ ወጣች፣ ከተማ ቁልቁል ወረደች

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ካልተለየ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ መነገር ያለበት፣ ምኒልክ ሲመጡ ጋራውና ግርጌው ሰው አልባ አልነበረም። ጉለሌ፣ ኤካ፣ ገላን፣ አቢቹ የተባሉ የቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች የሚኖሩበት፣ ከብት የሚያሰማሩበት አገር ነው። ጉለሌና የካ ብለን ዛሬ ክፍለ ከተማ የምንጠራው በእነሱ ስም ነው። ፍል ውሃው የሚፈልቅበት ሜዳም ፊንፊኔ ነበር ስሙ። ከዚያም አስቀድሞ፣ የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል የነገሥታት ከተማ ተሥላለች። የት እንደነበረች አጥኚዎች ገና አልተስማሙም፤ የእንጦጦ አካባቢ ግን ከሚጠቀሱት ቦታዎች አንዱ ነው። ምኒልክም ወደዚህ ሲመጡ የቀደሙ ነገሥታትን ከተማ መልሶ የማቅናት ሐሳብ እንደነበራቸው ይነገራል።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ እንጦጦን መቀመጫ አደረጉ። ምክንያቱ ከላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው፤ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ሠራዊት ከሩቅ ይታያል፣ ገደሉ ራሱ ምሽግ ነው። ቅዱስ ራጉኤልና እንጦጦ ማርያም ተተከሉ፣ ሣር ክዳን የለበሰው ቤተ መንግሥት ቆመ፣ መኳንንቱ በየጉብታው ሰፈሩ።

ለጦር የተመቸ ቦታ ግን ለኑሮ አልተመቸም። ብርዱ፣ ነፋሱ፣ የክረምቱ መብረቅ አለ። ውሃ ለመቅዳት ቁልቁል መውረድና ተሸክሞ መመለስ ያስፈልጋል። የሺህ ሰዎች ምድጃ ደግሞ በጋራው ላይ የነበረውን ጥድ፣ ወይራና ኮሶ በጥቂት ዓመት ጨረሰው። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደዱት፤ ሜዳው ሞቃት ነው፣ ውሃ አለው። በ1879 አዲስ አበባ ተቆረቆረች፣ ስሙንም ያወጡላት እሳቸው ናቸው።

ብዙ ጊዜ ይህ ነገር ሲነገር አንድ ቀን ጓዝ ተጠቅልሎ የተወረደ ይመስላል። እንደዚያ አልነበረም። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882፣ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት እላይ እንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥቱ ወረደ፣ ጸሎቱና ሥርዓቱ ግን ጋራው ላይ ጥቂት ቆየ። ውሃውም ቢሆን ኋላ ተከትሎ ወርዷል፤ በ1880ዎቹ ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ ውሃ በቧንቧ ስቦ ቤተ መንግሥት አስገብቷል። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ የተጀመረው ከዚህ ጋራ ነው።

ባሕር ዛፍ፣ ያዳነውና ያጎደለው

ከተማዋ ከወረደች በኋላም የማገዶው ጉዳይ አልቀረም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ዋና ከተማዋን ከነአካቴው ሊነቅሉ አስበው በምዕራብ በኩል አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ቦታው ላይ የተሠራው ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከተማዋ አልሄደችም። ከቀረችባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ዛፍ ነው። በ1887 ገደማ ከውጭ የገባው፣ ለማስመጣቱም ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ የሚመሰገንበት ነጭ ባሕር ዛፍ፣ ማንም ባልጠበቀው ፍጥነት በቀለ። ምኒልክም ሰው እንዲተክል አበረታቱ።

ባሕር ዛፍን መርገም ዛሬ ቀላል ሆኗል፤ እኔ ግን አላደርገውም። ይህ ዛፍ ሲቆረጥ አይሞትም፣ ጉቶው ያቆጠቁጣል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ማገር ይሆናል፣ አጠና ይሆናል፣ ሲወፍር ቋሚና ወራጅ ይወጣዋል። ቅጠሉ ሳይቀር የእንጀራ ምጣድ ያሞቃል። የአዲስ አበባ ጭቃ ቤቶች አጥንታቸው ባሕር ዛፍ ነው፤ ፎቅ ሲሠራ የምናየው መወጣጫም ለረጅም ዘመን ከእሱ ነበር። ባይመጣ ኖሮ በአቅራቢያው የቀረው ጥድና ወይራ ሁሉ ወደ ምድጃ ይገባ ነበር።

ጉድለቱስ? ሥሩ ብዙ ውሃ ይጠጣል። ዘይት ያለው ቅጠሉ ቶሎ አይበሰብስም፣ በሥሩም ሣርና ቁጥቋጦ በደንብ አይበቅልም። ለማገዶ የረገፈው ቅጠል ሲጠረግ ደግሞ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ዝናብ ሣርና የበሰበሰ ቅጠል ላይ ሲወድቅ ጉልበቱ ይሰበራል፣ ቀስ ብሎ ይሰርጋል፣ ከወራት በኋላ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ራቁት አፈር ላይ ሲወድቅ ግን አይሰርግም፤ አፈሩን ይዞ ባንዴ ቁልቁል ይወርዳል። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ቀበና ሞልቶ ዳር ያሉ ቤቶችን ሲያስጨንቅ፣ ያው ወንዝ ጥር ላይ ቀጭን ቦይ ሲሆን፣ ከአንድ ምክንያት የመጡ ሁለት ችግሮች ናቸው። የተሸረሸረውም አፈር አይጠፋም። የአቃቂ ወንዞች የሚገናኙበት የአባ ሳሙኤል ግድብ ለአሥርት ዓመታት ኃይል ማመንጨት ካቆመባቸው ምክንያቶች አንዱ ደለል ነው።

በሰሜኑ ወገን ያለው ውሃም ከከተማዋ ጉዳይ አልወጣም። አዲስ አበባ ለወደፊት ጥሟ ለዓመታት ስታጠናቸው የቆዩት ገርቢና ሲቢሉ የሚባሉት ወንዞች ከጋራው ማዶ፣ በሙገር ተፋሰስ ያሉ ናቸው። ማዶ ላለው ገበሬና ከብት አርቢ ያ ውሃ የዕለት ኑሮው ስለሆነ ነገሩ የቧንቧ ሥራ ብቻ አይደለም።

መፍትሔው ባሕር ዛፉን በአንድ ቀን መንቀል አይደለም፤ ዳገት ላይ ያለ ዛፍ በጅምላ ከተቆረጠ ጎርፉ ይብሳል። የሚሻለው በየተራ እየተኩ መሄድ ነው፤ ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ። እነዚህ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ውሃና እንክብካቤ ይፈልጋሉ፣ ከብትም ይበላቸዋል። ሥራው ተጀምሯል። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክ ስም አገር በቀል ዛፎችን መመለስ ከጀመረ ቆይቷል። በሰሜን ምዕራቡ ወገን ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመው፣ ከ700 ሄክታር በላይ የሆነው የጉለሌ እፅዋት ማዕከል አለ። ልጅ ይዞ የሚወጣ ሰው ኮሶን ከወይራ ለይቶ ማሳየት ቢፈልግ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ታዲያ ጋራው የማን ነው?

በሕጉ እንጀምር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ እንደሆነ፣ መሬትም እንደማይሸጥ ይደነግጋል። በ2010 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ ደንን የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ብሎ ይከፍላል። ከዚህ የምንረዳው፣ «የሕዝብ መሬት ነው» ማለት ማንም እንደፈለገ ይግባና ይቁረጥ ማለት እንዳልሆነ ነው። የመንግሥት ደን ውስጥ በእግር ማለፍ አንድ ነገር ነው፣ እንጨት ማውጣት ሌላ።

እንጦጦ ላይ ይህ ይበልጥ የተወሳሰበው ጋራው አንድ ባለቤት፣ አንድ በር ስለሌለው ነው። የአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር አለ። የደኑ መሬት አለ። በመስከረም 2013 የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ አለ። የእፅዋት ማዕከሉ አለ። ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የኅዋ ምርምር ማዕከል አለ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት መረጃ ይቀበል የነበረው ጣቢያም እዚያው ነው። ነዋሪዎች አሉ። የሰሜኑ ተዳፋት ደግሞ ወደ ኦሮሚያ፣ ወደ ሱሉልታ ያልፋል። እያንዳንዱ የራሱ ደንብ፣ የራሱ ጠባቂ አለው፤ አንዱ ጋ የተፈቀደው ሌላው ጋ ላይፈቀድ ይችላል።

ፓርኩ ብዙ ነገር ለውጧል። መንገድ፣ መብራትና የእግር መሄጃ ገብቷል፤ ድሮ ለብቻ መሄድ የሚያስፈራው ጫካ ውስጥ ቤተሰብ ሲንሸራሸር ይታያል። ይህን ጥሩ ነው እላለሁ፣ ሳላመነታ። ቢሆንም «እንጦጦ ተከፈተ» ሲባል ስሰማ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ጋራው ዝግ አልነበረም። ፓርኩ ከመምጣቱ በፊት በየቀኑ የሚወጡበት ሰዎች ነበሩ፤ የመግባት መብት ሲሰላ መጀመሪያ ሊቆጠሩ የሚገባቸው እነሱ ናቸው።

ጠበልተኞቹ አሉ። በማርያምና በኪዳነ ምሕረት ጠበል ለመጠመቅ ሰው ገና ጎሕ ሳይቀድ ይደርሳል፤ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ቤት ተከራይቶ ወራት የሚቆይ ሕመምተኛም ብዙ ነው። ለእሱ ጋራው ሽርሽር አይደለም፣ የመጨረሻ ተስፋው ሊሆን ይችላል።

እንጨት ተሸካሚ ሴቶቹ አሉ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ የወጣ ሰው ሁሉ አይቷቸዋል፤ ከቁመታቸው የሚረዝም የጭራሮና የቅጠል ሸክም በገመድ ታጥቀው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ አጎንብሰው ቁልቁል ሲወርዱ። የሸክሙ ክብደት ከራሳቸው ክብደት ብዙም አያንስም። ወገብ ይጎብጣል፣ ማኅፀን ይጎዳል፣ የደን ጠባቂ ሲመጣ ሸክሙን ጥሎ መሮጥ አለ። ከተማዋ ከመቶ ዓመት በላይ እንጀራዋን የጋገረችው በእነዚህ ሴቶች ጀርባ ነው። የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ሻርፕ እየሸመኑ መሸጥ ጀምረዋል፣ ፓርኩ ሲሠራም ከተሸካሚዎቹ ውስጥ ሥራ ያገኙ ነበሩ። ይህ ሊሰፋ ይገባል። ደኑ እንዲያገግም መቁረጥና መጥረግ መቀነስ አለበት፤ የእነሱን መተዳደሪያ ሳይተኩ በሩን መዝጋት ግን የጋራውን ጥበቃ ዋጋ ለድሆቹ ብቻ ማስከፈል ነው።

ለሚወጣ ሰው

መንገዱ ቀላል ነው። ከፒያሳ ወይም ከአራት ኪሎ በስድስት ኪሎ አድርጎ፣ የአሜሪካን ኤምባሲን አልፎ ሽሮ ሜዳ ይደረሳል። ከዚያ ወደ ማርያም የሚወጣ ታክሲ አለ፤ ጉልበት ያለው በእግሩ ይወጣዋል። ጠመዝማዛው አስፋልት ላይ መኪና በፍጥነት ስለሚወርድ ዳር ይዞ መሄድ ነው።

ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የምኒልክና የጣይቱ መታሰቢያ ሙዚየም አለ፣ በትኬት ይገባል። ቤተ መንግሥቱም እዚያው አቅራቢያ ነው። ወርቅና እብነ በረድ ጠብቆ የሚሄድ ሰው ጭቃ ግድግዳና ቀላል አሠራር ሲያይ ቅር ሊለው ይችላል። እኔ ግን ትልቁ ነገር እሱ ይመስለኛል፤ አገር የተመራው ከዚህ ነበር። ወር በገባ በ1 ራጉኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም ስለሆነ በነዚያ ቀናት መንገዱ በነጭ ነጠላ ይሞላል። ታሪክ ለማየት የሚሄድ ሌላ ቀን ይምረጥ፤ ሕዝቡን ለማየት የሚሄድ በእነዚህ ቀናት ይሂድ። ጠበል ቦታ ላይ ካሜራ አይወጣም፤ የሚጠመቅ ሰው ሕመሙን ይዞ ነው የቆመው።

ከፓርኩ ወጥቶ ወደ ጫካው ጠልቆ ለመግባት የሚያስብ ሰው ብቻውን ባይሆን፣ ከመሸም ባይቆይ ይሻላል፤ ጅቡ የጋራው ነባር ነዋሪ ነው። ዕድል የቀናው ደግሞ በጠዋት ከቁጥቋጦ ዳር በምኒልክ ስም የሚጠራውን ጠቆር ያለ የደጋ ድኩላ ሊያይ ይችላል። በክረምት ቀይ አፈሩ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል። ፕላስቲክ የወሰደ ይዞ ይመለስ፤ እዚያ የተጣለው ሁሉ በመጀመሪያው ዝናብ ወይ ቀበና ይገባል፣ ወይ ወደ ሙገር ይሄዳል።

ጥርት ያለ ቀን ከተገኘ፣ ከማርያም ወደ ራጉኤል በሚወስደው መንገድ ላይ ቆም ብሎ ፊትን ወደ ደቡብ ማዞር ነው። ከተማዋ ሙሉ በሙሉ ትታያለች፣ ከማዶም የዝቋላ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ከዚያ ወደ ሰሜን ዞር ሲሉ የሱሉልታ ሜዳ ይመጣል፣ ከብት የተሰማራበት፣ ክረምት ከሆነ ውሃ የተኛበት። ያ ውሃ ወደ ዓባይ መንገድ ላይ ነው።